ደሙ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የታሪክ ክፍል ከቀረበው ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ታሪክ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከሚነሳ አንድ አጭር ጥያቄ ይጀምራል። ሐኪሙ የታማሚውን ሆድ ከፍቶ ያበጠና የጠቆረ አንጀት ሲያገኝ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «ይህ አንጀት ደም እየደረሰው ነው ወይስ አይደለም?» ደም ከደረሰው ቀስ በቀስ ያገግማል። ካልደረሰው ሞቷል፤ የሞተ አንጀት ደግሞ ሆድ ውስጥ ከተተወ በቀናት ውስጥ ተበስቶ ባለቤቱን ይገድላል። «እንግዲያው ለጥንቃቄ ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት ነዋ!» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ትንሹ አንጀቱ ያለ ልክ የተቆረጠበት ሰው የሚበላው ምግብ ለሰውነቱ አይውልለትም፤ እየበላ ይከሳል። ስለዚህ የት ላይ ተቆርጦ የት ላይ ይተው የሚለው የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዛሬው ዘመን በበለጸጉት አገሮች ሆስፒታሎች ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚያግዝ ካሜራ አለ። አንድ ቀለም በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። ደም የደረሰበት ቦታ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ይፈካል፤ ያልደረሰበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሐኪሙም በጨለማውና በብርሃኑ ድንበር ላይ ቢላውን ያሳርፋል። ይህ ብልሃት ከየት መጣ? በእነማን እጅ አለፈ? በሰቆጣና በዋግ ደጋዎች የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድስ ያው ጥያቄ ዛሬ እንዴት ይመለሳል? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ዙሪያ ይሆናል።

ከሰቆጣ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ጥንት ከአፋር ጨው ሜዳ የሚመጣው አሞሌ የሚራገፍባትና ወደ መሀል አገር የሚሻገርባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ የሰሜኑ ሲራራ ነጋዴ ስሟን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዙሪያዋ ግን ገደልና ሸለቆ ነው። በደሃናና በጋዝጊብላ በኩል ደጋ፣ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በኩል ደግሞ ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላ። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሰው ሲታመም ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እየተፈራረቀ ይሸከመዋል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ሪፈር ተጽፎ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር።

በአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ በሚገባ የሚታወቅ አንድ በሽታ አለ፤ የአንጀት መጠማዘዝ። ከተለያዩ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች ለአንጀት መዘጋት ዋና ዋና ከሚባሉት መንስኤዎች ውስጥ በተደጋጋሚ ያስቀምጡታል። ከሴት ይልቅ ወንድን ያጠቃል። የትልቁ አንጀት የመጨረሻው ክፍል በአንዳንድ ሰው ላይ ረዥምና ልል ነው። ገለባና ቃጫ የበዛበት ምግብ ሲሞላው፣ አየርም ሲነፋው፣ በተንጠለጠለበት ቀጭን ግንድ ላይ ይዞራል። የደም ሥሮቹ የሚያልፉት ደግሞ በዚያው ግንድ ውስጥ ነው። የውሃ ጎማ ሲጠማዘዝ እንደሚሆነው ነው የሚሆነው። መጀመሪያ የሚታነቀው ስስ ግድግዳ ያለው ደም መልስ ነው፤ ደም ይገባል እንጂ አይወጣም፤ አንጀቱ ያብጣል፣ ወይን ጠጅ ይመስላል። ቀጥሎ ደም ቅዳውም ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚቆጠረው ቀን አይደለም፣ ሰዓት ነው።

ትንሹ አንጀትም እንዲሁ ይጠማዘዛል። እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በአፍጋኒስታን የሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ዓይነቱ ሕመም በረመዷን ወር እንደሚበዛ አመልክተዋል። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ በኢፍጧር ሰዓት ብዛት ያለው፣ ቃጫማ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት፣ አንጀቱ በድንገት ይንቀሳቀስና ይዞራል የሚል ነው ማብራሪያቸው። ይህን የምናነሳው በጾሙ ላይ ስጋት ለመጣል አይደለም፤ ሚሊዮኖች ይጾማሉ፣ የሚታመመው ጥቂቱ ነው። በቴምርና በውሃ ጀምሮ መግሪብን ሰግዶ ወደ ማዕድ መመለስ የሚለው የቆየ ልማዳችን ግን ለአንጀትም ደግ ልማድ ነው።

እንግዲህ ታማሚው ሰቆጣ ደርሷል እንበል። በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ሐኪሙ፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እየሠለጠኑ ወደ ወረዳና ዞን ሆስፒታሎች ከተላኩት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱ፣ ሆዱን ይከፍታል። የተጠማዘዘውን ይፈታል። ከዚያ አንጀቱን በሞቀ የጨው ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍንና ይጠብቃል። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጨርቁን ሲገልጥ አራት ነገር ያያል። ቀለሙ ወደ ሮዝ ተመለሰ? ጣት ሲነካው ይኮማተራል? በግንዱ ላይ የደም ሥር ትርታ አለ? ጫፉ ሲቆረጥ ቀይ ደም ይፈሳል ወይስ ጥቁር? ከእነዚህ ተነስቶ ይፈርዳል። በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚፈርዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ የሰቆጣ ብቻ አድርገን እንዳናየው።

በፍርዱ ከተጠራጠረ ደግሞ የቀሩትን ሁለት ጫፎች አይገጥማቸውም። ደም በሚገባ ያልደረሰው ጫፍ ቢሰፋም ስፌቱ አይያዝም፤ ያፈሳል። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል አውጥቶ የሰገራ መውጫ ያደርገዋል። ሰውየው ለወራት ከረጢት ታጥቆ ይኖራል፤ ለመመለስም ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይጠብቀዋል። ለገበሬ ይህ የእርሻ ወቅት ማለፍ ነው። ለሰጋጅ ደግሞ የዉዱእና የጦሃራ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ዑዝር ያለበት እንደሆነና ሶላቱን መተው እንደማይገባው ዑለማዎቻችን አስተምረዋል፤ ዝርዝሩን ከእነርሱ መጠየቅ ነው። በዚህ ምክንያት ተሸማቅቀው ከመስጂድ የቀሩ ወንድሞች ስለሚኖሩ ነው ማንሳታችን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። የሞቀው ጨርቅ ራሱ የቆየ ነው። በአንደሉስ፣ በቁርጡባ አጠገብ በምትገኘው መዲነቱ-ዝ-ዘህራእ ይኖር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ያረፈው አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» የተባለ ሠላሳ ክፍሎች ያሉት የሕክምና መጽሐፍ ጽፏል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። ሆዱ ተወግቶ አንጀቱ የወጣበትን ሰው ለማከም ስፖንጅ በለብ ያለ ውሃ ነክሮ አንጀቱን ማሞቅን ያዝዛል፤ እብጠቱ ሲቀንስ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተቀደደን አንጀት ለመስፋት ከእንስሳ አንጀት የሚወጣ ቀጭን ክር ስለመጠቀም ይናገራል። የትልልቅ ጉንዳኖችን ጭንቅላት እንደ መርፌ ቁልፍ ስለመጠቀምም ያነሳል፤ ጉንዳኑ ሁለቱን የቁስል ከንፈሮች ገጥሞ ሲነክስ ገላው ይቆረጥና ጭንቅላቱ እንደተጣበቀ ይቀራል። መጽሐፉ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለብዙ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች መማሪያ ሆኗል።

አዝ-ዘህራዊ ግን ደም እንዴት እንደሚዘዋወር አያውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። በዘመኑ የሚታመነው የሮማው ዘመን ሐኪም ጋሊኖስ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ያስተማረው ነበር። በእርሱ አባባል ደም በጉበት ይሠራል፣ አካልም ይበላዋል፣ ያልቃል። ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራ የሚያልፈውም በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ነው። ታላቁ ኢብኑ ሲና ሳይቀር በዚህ መንገድ ሄዷል።

ግድግዳውን የደፈነው ሰው ዐላኡድ-ዲን ዐሊ ኢብኑ አቢል-ሐዝም አል-ቀርሺ፣ በተለምዶ ኢብኑ ነፊስ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1213 በደማስቆ አካባቢ ተወለደ። በደማስቆው ኑሪ ማሪስታን ሕክምና ተማረ፤ ማሪስታን ማለት በዘመኑ አጠራር ሆስፒታል ነው። ኋላ ወደ ካይሮ ሄደ። የሻፊዒይ ፊቅህ ዓሊምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1242፣ ሰላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በኢብኑ ሲና «ቃኑን» የአካል ክፍሎች ትምህርት ላይ ማብራሪያ ጻፈ። በዚያ ውስጥ የጋሊኖስን ቀዳዳ ፈጽሞ ካደ። በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራምና ድፍን ነው፤ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም አለ። ታዲያ ደሙ በየት ያልፋል? ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ ግራው የልብ ክፍል ይመለሳል። በሳንባ ውስጥም በሁለቱ ዓይነት የደም ሥሮች መካከል መተላለፊያ መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። መተላለፊያውን ለማየት የሚያስችል መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም።

በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ሸሪዓውና በውስጡ ያለው ርኅራኄ ሬሳ ከመቅደድ እንዳገዱት ይናገራል። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ ይከራከራሉ፤ «ሳይቀድ እንዴት ይህን አወቀ?» ይላሉ። የኛ ትኩረት ሌላ ነው። አንድ ሰው የታላቁን ኢብኑ ሲናን መጽሐፍ ሊያብራራ ተቀምጦ፣ አክብሮቱን ሳይጥል፣ «እዚህ ላይ ትክክል አይደለም» ማለቱ ነው የሚገርመን። ኢብኑ ነፊስ በሂጅራ 687 (እ.ኤ.አ. 1288) ካይሮ ውስጥ አረፈ። ቤቱንና መጽሐፎቹን ሱልጣን ቀላዉን ላሠራው አል-መንሱሪ ማሪስታን አወረሰ። አላህ ይዘንለት።

በየመድረኩ የኢብኑ ነፊስን ስም እያነሳን የምንኮራ ብዙዎች ነን። መኩራቱ ባይከፋም ቀጥሎ የሆነውን መደበቅ አይገባም። ጽሑፉ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ለዘመናት የሚያስተውለው ሰው አጣ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሙሕዪድ-ዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን አገር ሲማር በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ያለውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ እስኪጽፍበት ድረስ ዓለም ረስቶት ነበር። በመካከሉ አውሮፓውያን እዚያው ደርሰዋል፤ ሰርቬተስ በ1553፣ ኮሎምቦ በ1559፣ ከዚያም ደም በመላ አካል እንደሚዘዋወር ያረጋገጠው ሃርቬይ በ1628። ከኢብኑ ነፊስ ሥራዎች አንድ ክፍል በ1547 በቬኒስ በላቲን ታትሞ ስለነበር «ከእርሱ ሰምተው ይሆን?» የሚለው ክርክር አልተዘጋም። እርሱ በአእምሮው ያያቸውን ጥቃቅን መተላለፊያዎች በዓይን ያየው ጣሊያናዊው ማልፒጊ ነው፤ በ1661፣ በማይክሮስኮፕ፣ በእንቁራሪት ሳንባ ላይ። እነዚያ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው እንግዲህ የዛሬው ካሜራ ሕይወት አለባቸው ወይስ የላቸውም ብሎ የሚጠይቃቸው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1871 ፍሎረሲን የተባለ ቀለም ሠራ። ዱቄቱ ብርቱካንማ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ይፈካል። ብርሃንን በአንድ ቀለም ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ የመስጠት ባሕርይ ነው፤ ሳይንቲስቶች ፍሎረሰንስ ይሉታል። እጅግ ጥቂቱ እንኳ ብዙ ውሃ ውስጥ ይታያል።

ቀለሙ ከደም በፊት የተሞከረው በወንዝ ላይ ነው። በደቡብ ጀርመን የዳኑብ ወንዝ በአንድ ስፍራ ወደ መሬት ይሰምጣል። ከዚያ ወዲያ አሕ የተባለች ምንጭ በኃይል ትፈልቃለች። የዳኑብ ዳር ሰዎች «ውሃችን ነው እዚያ የሚወጣው» ይሉ ነበር። በእኛም አገር በወራጅ ውሃ ምክንያት ስንት ክርክር አይተናል! እ.ኤ.አ. በ1877 ክኖፕ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ 10 ኪሎ ግራም ፍሎረሲን በሚሰምጠው ውሃ ላይ ጨመረ። ከ60 ሰዓት በኋላ የአሕ ምንጭ አረንጓዴ ሆና ፈለቀች። ዓይን ያላየው የመሬት ውስጥ መንገድ በቀለም ተገለጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1882 ፖል ኤርሊኽ ያንኑ ቀለም በጥንቸል ደም ውስጥ ሰጥቶ በዓይኗ ውስጥ ሲፈካ አየ። ሐሳቡ ከወንዙ ጋር አንድ ነው። ከላይ ጨምር፣ ከታች ጠብቅ፣ ከወጣ መንገድ አለ፣ ካልወጣ መንገዱ ተዘግቷል።

ለቀዶ ሕክምና የዋለው ግን ዘግይቶ ነው። ላንግና ቦይድ የተባሉ በኒው ዮርክ የሠሩ ሐኪሞች በ1942 ፍሎረሲንን በደም ሥር ሰጥተው፣ መብራት አጥፍተው፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ቆዳና እግር እያዩ ደም የት እንደደረሰ ለዩ። ከሁሉ ይልቅ የኛን ጥያቄ የሚመለከተው በ1981 የታተመው የባልቲሞሩ የቡልክሌይና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በ28 ታማሚዎች፣ በ71 የአንጀት ክፍሎች ላይ ሦስት መንገዶችን አወዳደሩ፦ የሐኪሙን ዓይንና እጅ፣ የደም ሥር ድምፅ የሚያዳምጥ ዶፕለር የተባለ መሣሪያ፣ እና ፍሎረሲንን። ፍሎረሲን ከሁሉም በልጦ ተገኘ። የልምድ ዓይን መጥፎ ዳኛ አልነበረም፤ ግን ሊተርፍ የሚችለውን አንጀት «ሙት ነው» ብሎ የመፍረድ ዝንባሌ ነበረው። ሐኪሙ ስለሚፈራ ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

ፍሎረሲን እንከን ነበረበት። ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋው ስለሚሰርግ ቶሎ አይጠፋም፤ በአንድ ኦፕራሲዮን ደግሞ መሞከር አይቻልም። ቆዳን ያቢጫል፣ ያቅለሸልሻል፣ አልፎ አልፎም ብርቱ አለርጂ ያስነሳል። ሌላ ቀለም በሌላ በር መጣ። ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለው ቀለም የተፈለሰፈው ለሕክምና አልነበረም፤ ኮዳክ የተባለው የፎቶ ፊልም ኩባንያ ለፎቶግራፍ ያዘጋጀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፎክስና ዉድ የተባሉ ሐኪሞች የልብን የደም ግፊያ ለመለካት አዋሉት፤ በ1959 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ይህ ቀለም በደም ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ከደም ሥር ሳይወጣ ይቆያል። ጉበት በየሦስት አራት ደቂቃው ግማሽ ግማሹን እየለየ ያስወግደዋል። ስለዚህ መድገም ይቻላል። የሚፈካው ግን ኢንፍራሬድ በሚባለው፣ ከቀይ ባሻገር ባለ፣ የሰው ዓይን በማያየው ብርሃን ነው። ለዚህም ነው እንዲህ ያለውን ብርሃን የሚያይ ካሜራ እስኪሠራለት ድረስ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ርቆ የቆየው። ካሜራዎቹ የተስፋፉት ከ2000 ወዲህ ነው። አዮዲን ስላለበት ለአዮዲን አለርጂ ያለው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ማየት ሌላ፣ መለካት ሌላ ነው። ስክሪኑ ላይ አንጀቱ ሲፈካ ሐኪሙ «ጥሩ ነው» ይላል። ነገር ግን ካሜራው ከቀረበ ይበልጥ ይፈካል፤ ከራቀ ይደበዝዛል። የታማሚው የደም ግፊት ከወረደ ሁሉም ይዘገያል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የራሱ ደም ቅዳ የተዘጋበት ቦታ ከጎረቤቱ በሚንጠባጠብ ደም ቀስ ብሎ መፍካቱ አይቀርም፤ ዘግይቶ ያየው ሰው «ሕያው ነው» ብሎ ይሳሳታል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሰዓት ይዘው መቁጠር ጀመሩ። ቀለሙ ከገባ በስንት ሰከንድ ብቅ አለ? በምን ፍጥነት ጨመረ? የት ላይ ጣራውን ነካ? እነዚህን በኮምፒውተር እየሣሉ አንዱን ቦታ ከሌላው ያወዳድራሉ። ስንት ሰከንድ ሲሆን ይቆረጥ፣ ስንት ሲሆን ይተው የሚለው አንድ ወጥ ቁጥር ገና አልጸደቀም።

ጥቅሙስ ተረጋግጧል ወይ? መልሱ የተቀላቀለ ነው፤ ማጋነን አንወድም። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተካሄዱት በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ አካባቢ ካንሰር ኦፕራሲዮን ላይ ነው፤ የሚቆጠረውም ስፌቱ ስንቱ ላይ አፈሰሰ የሚለው ነው። በአሜሪካ ተጀምሮ በ2021 ውጤቱ በታተመው ጥናት 347 ታማሚዎች ተካተው ልዩነት አልታየም፤ ጥናቱም ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። በጃፓን 850 ታማሚዎች የተካተቱበትና በ2023 የወጣው ጥናት ግን ያለ ቀለሙ 11.8 ከመቶ የነበረው መፍሰስ በቀለሙ 7.6 ከመቶ መሆኑን አሳየ። በ2024 የወጣው የኔዘርላንድ ጥናት ከ900 በላይ ሰዎች ይዞ ትንሽ ልዩነት ቢያገኝም አሳማኝ የሚባል አልነበረም። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮ ተይዞላቸው፣ በደህና ሁኔታ የሚገቡ ታማሚዎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ የደረሰ፣ አንጀቱ የተጠማዘዘ የዋግ ገበሬ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ የለም።

ወደ ዋግ እንመለስ። ካሜራው ውድ ነው፤ ቀለሙም ተበጥብጦ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ አስተማማኝ መብራት፣ ደም፣ ኦክስጅንና ማደንዘዣ ሰጪ ባለሙያ ሳይኖረው ካሜራ ቢገዛለት ሰውን አያድንም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የዋግ ኽምራ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውንና መውደማቸውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጀመሪያ የጠፋውን መተካት ነው።

ሆኖም ከታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ዓይናችንን ይስበዋል። የ1981ዱ ጥናት ያሸነፈው በውድ ካሜራ አይደለም። አንድ ብልቃጥ ፍሎረሲንና «የዉድ መብራት» የሚባል በእጅ የሚያዝ የአልትራቫዮሌት መብራት ነበር የተጠቀመው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ «ዉድ» የፈልሳፊው ስም ነው እንጂ ዋጋው አይደለም! ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የቆዳ ሐኪሞች ጭርትን ለመለየት ይህን መብራት ይጠቀሙበታል። ፍሎረሲንም በዓይን ሕክምና ዘንድ የታወቀ ነው። ዓለም ወደ ውዱ ካሜራ ሲሄድ ይህ ርካሽ መንገድ ተረሳ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ «ይህን አድርጉ» ማለትም አይገባንም። ነገር ግን በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና የሚያጠኑ ወጣቶቻችን የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲፈልጉ፣ ያረጀውን የ1981 መንገድ በአገራችን የተጠማዘዘ አንጀት ላይ መርምሮ ማየት ከብዙ ርዕሶች የተሻለ ይመስለናል።

ለቤተሰብ የሚሆነውን እንጨምር። የሆድ ሕመም ሁሉ የአንጀት መጠማዘዝ አይደለም። ነገር ግን ሆድ በድንገት ሲነፋ፣ ቁርጠቱ እየመጣ ሲሄድ፣ ሰገራም ፈስም ፈጽሞ ሲቆም፣ ትውከት ሲከተል፣ ያን ጊዜ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ኮሶ፣ ሌላም የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይሰጥ፤ የተዘጋን አንጀት ከላይ መግፋት ይብሰዋል። ምግብም ውሃም በአፍ ይቁም። ሆዱን ማሸት ይቁም። ቶሎ ከተደረሰ፣ አንጀቱም ገና ካልሞተ፣ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ብዙ ጊዜ ሆድ ሳይከፈት፣ በፊንጢጣ በሚገባ የላስቲክ ቱቦ ተነፍሶ ይፈታል፤ ተመልሶ እንዳይጠማዘዝ ኋላ በቀጠሮ ይታከማል። ለዚህ ካሜራም ቀለምም አያስፈልግም።

ቃሬዛውን የሚያጅበው ሰው ደግሞ አንድ ነገር በልቡ ይያዝ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት። ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ እርሱ ነው፤ ስንት ሰዓት ደም ሳይደርሰው እንደቆየ የሚገምተውም ከዚያ ተነስቶ ነው። ሰዓት በቤት ባይኖር አዛን አለ። «ከዐስር በኋላ ጀመረው፣ ከመግሪብ በኋላ ሆዱ ተነፋ፣ ከዒሻእ ወዲህ ፈስ አልወጣም» ብሎ መናገር በቂ ነው።